መጀመሪያ አስቀምጣት

ቢስሚላህ።

ይድረስ ለልጄ ባል፣ ሞያሌ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ሰነበትክ? የሞያሌ አቧራ እንዴት አድርጎሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? እናትህ እንዴት ናቸው፣ የእግራቸው ሕመም ቆመላቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ከሊፋ ደህና ነው፣ ጥርሱን ጨርሶ አብቅሎ የሚነክሰው አጥቷል። ሚስትህ ጦይባ ደህና ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ውስጡ ያለውም ሌት ተቀን ይራገጣል። እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው፣ እሱም የቆየ ነው።

ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ጠቡን ልጀምር።

እስከ ዛሬ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ። አማት አማቿን አንቱ ትላለች፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዛ ነው፣ በሰው አገር ስኖርም አንድ ቀን አላጎደልኩብህም። ዛሬ ግን አንተ ነህ። ተናድጄ አንቱ ማለት አይሆንልኝም፣ ምላሴ ይጠላለፍብኛል። ከተቀየምክ እዛው ሞያሌ ሆነህ ተቀየም።

ደሞ ማን ጻፈላት ብለህ ሰው እንዳትጠረጥር። ራሴ ነኝ። መንግሥት የባሌን ሱቅ ደሴ ላይ ወርሶ በምትኩ ፊደል ሰጠኝ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከልጄ የሚያንስ ጎረምሳ በአርጩሜ እየጠቆመ ሀ ሁ አስባለኝ። ያኔ ስንቱን እርግማን አወርድበት ነበር፣ ይኸው ዛሬ አንተን ለመሳደብ ጠቀመኝ። የዙህር ሶላት ተሰግዶ እናትና ልጅ ፍራሹ ላይ ተኝተዋል፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጦይባ አታውቅም። ብታውቅ ትቀደዋለች።

ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ መሰለህ። እህትህ ዘኪያ መጣች። ባዶ እጇን አይደለም፣ ሻንጣ ይዛ። ሹፌሩ ኢስሀቅ ደሞ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ከኋላዋ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የከሊፋን ልብስ አዘጋጁ አለች። ወንድሜ ልኮ ነው፣ መኪናው ነገ ይነሳል፣ ልጁ ሞያሌ አያቱ ጋ ያድጋል፣ ጦይባም በሚቀጥለው መኪና ትምጣና ሰውዬው ጋ ትግባ፣ ሳትወልድ ጂኒው ይውጣላት አለች። እኔ ለከሊፋ ገንፎ እያጎረስኩ ነበር። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ልጁ አፉን ከፍቶ እኔን ያያል፣ እኔ እህትህን አያለሁ።

ጦይባ ምን አለች መሰለህ? ምንም። ድንጋጤው ጉልበቷን ቆረጠው፣ ግድግዳውን ታካ ቀስ እያለች መሬት ወረደች፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ዓይኗ ክፍት ነው። ሁሉንም ትሰማለች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት። ልጇን ሊወስዱባት መጥተው እምቢ ማለት አቅቷት እንባዋ ብቻ ወረደ። እህትህ ይኸው፣ ይኸው እያለች ለኢስሀቅ በጣቷ ታሳየዋለች። ኢስሀቅ፣ አላህ ይስጠው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ሻንጣውን አንስቼ ደጅ አወጣሁላት። እሷንም ከሻንጣው ጋር። ኢስሀቅን ነገ ከመነሳትህ በፊት ብቅ በል፣ የማስይዝህ አለኝ አልኩት። ልጁን መስሎት ይሆናል። የማስይዘው ይሄን ደብዳቤ ነው። ልጁ አይመጣም።

አሁን ጂኒ ስለምትሉት ነገር ላውራ፣ አንተም አርፈህ ስማ። ሳታገባት ልጄ እንቅልፍ ይበዛባታል ብዬ ነግሬህ ነበር። ስቀህ እኔም እወዳለሁ አልከኝ። ከሊፋን ወልዳ ሲብስባት ጎረቤታችን የውብዳር፣ ያቺ ዌስትላንድስ እርዳታ ድርጅት የምትሠራው፣ እጃችንን ይዛ ፓርክላንድስ አንዲት ህንድ ሐኪም ጋ ወሰደችን። አንተ ያን ቀን እቃ ትጭን ነበር። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀች፣ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጥፋ አስተኛቻት፣ ጽፋ ጽፋ በሽታ ነው አለች። ስሙ ረጅም ነው፣ የውብዳር ደጋግማ ብትነግረኝም አልያዝኩትም። ነገሩ ግን ገብቶኛል። በእንቅልፍና በመንቃት መሀል ያለው በር መቀርቀሪያው ላልቷል ማለት ነው። እንቅልፍ ሳያንኳኳ ይገባል። ስትስቅ ወይ ስትደነግጥ ደሞ ሰውነቷ ብቻውን ይተኛል፣ ልቧ ነቅቶ እያየ። ከእንቅልፍ ስትነቃም ጣቷን ማንቀሳቀስ ያቅታታል፣ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላታል፣ የሌለ ሰው ድምፅ ትሰማለች። እሱም የዚሁ በሽታ ነው አለች ሐኪሟ።

ስትጨርስ ወደኔ ዞራ በቤተሰቡ ሌላ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ ወይ ብላ በየውብዳር አስጠየቀችኝ። ታማሚዋ እቺ ናት በያት አልኩ።

ያንን ደረቷ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ጦይባ እህቴ ብላ ለዘኪያ አጫወተቻት። እህትህም በሚቀጥለው መኪና ለእናትህ ጫነችው። እዚህ ኢስሊ ሲነሳ ሕልም ነበር፣ ኢሲዮሎ ሲደርስ ሰው ሆነ፣ ሞያሌ ሲገባ ባል ሆነ። ጂኒ ባል አላት ተባለ። ጎረቤቱ ደሞ በበኩሉ ሚራ ትቅማለች፣ ጫቱ ነው የሚጥላት ይላል። ጫት ብትቅም ኖሮ እንቅልፍ የት ያውቃት ነበር? ሰው ሲያማ እንኳ ትንሽ አያስብም?

ሐኪሟ ክኒን ሰጥታት ነበር። በክኒኑ ጊዜ ሱቅ ቁጭ ብላ ስትሸጥ ትውል እንደነበር በዓይንህ አይተሃል። ስታረግዝ ለፅንሱ ደግ አይደለም፣ እስክትወልጂ ተይው ተባለች። ተወችው። እሺ፣ ማን አስረገዛት? ጂኒው ነው? ላንተ ልጅ ብላ መድኃኒቷን ጥላ በቁሟ ትደክማለች፣ አንተ ሞያሌ ሆነህ አስወጡላት ትላለህ። ጸሎት አልጠላም እኮ። ቁርአን አስቀርቼባታለሁ። ሲቀራባት ተኛች። ቁርአኑን የቀሩት ሸህ ራሳቸው አላህ ያሳርፋት፣ ደክሟታል ብለው በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ወጡ።

ድካሙን ልንገርህ፣ አልነበርክምና። እርግዝና ብቻውን ጤነኛዋን ያዞራል። እቺ ሽንኩርት እየከተፈች ትተኛለች፣ ቢላው እየሄደ። ጨርቅ እያሰጣች ትተኛለች። ለልጁ ተረት ስትጀምርለት እሷ ቀድማ ትተኛለች፣ እሱ ዓይኗን በጣቱ እየከፈተ ከዛስ ይላታል። እንዳትተኛ ሚጥሚጣ ምላሷ ላይ ታደርጋለች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እግሯን ነክራ ልብስ ታጥባለች። አንድ ቀን ከከተማ ስትመለስ ማታቱ ተሳፍራ ከሊፋን ይዛ ተቀመጠች። ኢስሊ አለፈ፣ ሁሉም አለፈ። የነቃችው ኢምባካሲ ነው፣ ረዳቱ ማማ፣ ምዊሾ እያለ ትከሻዋን ሲነቀንቃት፣ መጨረሻ ነው ውረጂ ማለቱ ነው። ቦርሳዋ የለም፣ ነጠላዋ የለም። የልጁ እጅ ግን እጇ ውስጥ ነው። ጨብጣ ነው የተኛችው። ጣቷ ደንዝዞ እኔ ነኝ ቤት ስትገባ አንድ ባንድ የፈታሁት። ይቺን ነው ልጅ መያዝ አትችልም የምትላት?

እኔና እሷ ዘዴ አበጅተናል። አልጋው ወጥቶ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ጅኮውን ከነከሰሉ ደጅ አውጥቼዋለሁ፣ ከሰል የማቀጣጥለው እኔ ብቻ ነኝ። ልጁን የምታጥበው እኔ አጠገቧ ስቆም ነው። የምታጎርሰው መሬት ተቀምጣ ነው። ሐኪሟ ቀን ላይ አጭር አጭር እንቅልፍ እንደ መድኃኒት ውሰጂ ስላለቻት ከዙህር በኋላና ከአሱር በኋላ ትተኛለች፣ ያኔ ልጁ የኔ ነው። ለልጁም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቃጭል አሰርኩለት። ከማሳይ ሴትዮ የገዛሁት የፍየል ቃጭል ነው። ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ቃጭሉ ሲርቅ ወይ ዝም ሲል እሮጣለሁ። ጦይባም በእንቅልፍ ልቧ ትከተለዋለች።

እዚህ ጋ ሻዬን ቀዝቅዞ አገኘሁት። ብዕሩም ወረቀቱን ተሻግሮ ቀሚሴ ላይ አስምሯል። ያንን ወደ ታች የወረደውን መስመር ዝለለው፣ ጽሑፍ አይደለም።

ከሊፋ መንገድ ላይ ተገኘ ተብሎ ወደተነገረህ ልምጣ። ዋናው እሱ ነው፣ ልጁን አምጡ ያሰኘህም እሱ ነው። ያን ቀን እኔ ለቅሶ መሄድ ነበረብኝ። ዘኪያ እኔ አለሁ፣ ይሂዱ አለችኝ። ለጦይባም እኔ አለሁ፣ ተኚ አለቻት። ጦይባ አምናት ተኛች። እኔም አምኛት ሄድኩ። እህትህ ምን አደረገች? ቃጭል ያለበት ቤት መላይካ አይገባም ብላ ከልጁ እግር ፈታችው። ፈታችና መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ከዛ ሱቄን አየት ላድርግ ብላ ሄደች። ልጁ ድምፅ የለው፣ ኮቴ የለው፣ እንደ ድመት ወጣ። ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ ነው ጋሪው ጎማ ሥር ጭቃ ሲያቦካ ያገኘው። ጋሪውን ሊገፋ እጁን ከጫነ በኋላ ነው ያየው። እኔ ስመለስ ልጁን ታቅፎ ይሄ የማነው እያለ በር በር ያንኳኳ ነበር።

ይሄንን ማን ነገረህ? ማንም። ለአንተ የደረሰህ እናቱ ተኝታ ነበር የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ተኝታ ነበር። አለሁ ያላት ሰው የት ነበር? እሱን ጠይቅ።

እህትህ ክፉ ናት አልልህም። ዲኗን ትወዳለች፣ ወንድሟን ትወዳለች። ቃጭሉን ስትፈታ ደግ የሠራች መስሏት ነው። ግን ጥፋቷን ልጄ ላይ አላከከችው፣ ልጄም ስትነቃ ጥፋቱን ተቀበለች። እስከ ዛሬ የኔ እንቅልፍ ነው ትላለች። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ቃጭሉን ትቼዋለሁ፣ ሸሁም ብትተዪው ይሻላል ስላሉኝ። የሶዳ ክዳን በድንጋይ ጠፍጥፌ፣ በስቼ፣ በክር ሰክቼ አስሬለታለሁ። ሲሮጥ የሳንቲም ከረጢት ይመስላል። መላይካ በሶዳ ክዳን ይቆጣል የሚል ካለ ኪታቡን ይዞ ይምጣና ያሳየኝ።

ሰውዬው ጋ ትግባ ላላችሁት ደሞ። እናትህ ጂኒ የሚያስወጣ አዋቂ ነው ይላሉ። አዋቂ አውቃለሁ። በኛም አገር ነበር። በር ዘግቶ ጭስ ያጥናል፣ ከዛ በአለንጋ ነው። ጂኒውን ነው የምመታው ይላል፣ ጀርባው ግን የሰው ነው። አንዲት ሴት ወስደው አስገቧት፣ ትተኛለች ብለው፣ ስትስቅ ትወድቃለች ብለው። ነፍሰ ጡር ነበረች። ጂኒው አልወጣም። የወጣው ልጇ ነው። ወንድ ነበር። ባሏ ደጅ ቆሞ ነበር፣ ወላሂ፣ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ስሟን አልነግርህም። ጦይባ ግን እዛ ቤት የምትገባው እኔ ከሞትኩ ብቻ ነው፣ እኔ ደሞ ለጊዜው የመሞት ሐሳብ የለኝም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ከውትድርና ሸሽተህ ድንበር አቋርጠህ መጣህ፣ አልፈርድብህም፣ እኔም ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ሽሽ እለው ነበር። ከሚስትህ ግን ለምን ሸሸህ? ለረመዳን እመለሳለሁ አልክ፣ ረመዳን መጣ፣ ኢድ አለፈ። ንግድ ነው ትላለህ። ኢስሀቅ ግን ነገረኝ። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ይዤ ያወጣጣሁት። ሚስቴ ጠልታኛለች አልከው አሉ። ድሮ ገና አፌን ስከፍት ትንከተከት የነበረች አሁን ስናገር ፊቷን ታዞራለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳ ታያለች፣ ተነስታ ትሄዳለች አልከው። አማቴም ከመጀመሪያው ወደውኝ አያውቁም፣ በሰርጌ ቀን ቀልድ ስጀምር ጥለውኝ ወጡ አልከው።

አንተ ሞኝ።

ፅንሱ መንቀሳቀስ የጀመረላት ሰሞን ደረጃው ላይ ቆመህ ያንን የጉምሩኩን ሰውዬና የፍየሏን ቀልድ ስታወራላት ትዝ ይልሃል? ሳቀች። ጉልበቷ ከዳትና ከደረጃው ተንከባለለች። አንተ ምን አደናቀፈሽ ብለህ አነሳሃት። ምንም አላደናቀፋትም። ቀልድህ ነው የጣላት። ሆዷን ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ይንቀሳቀሳል አይንቀሳቀስም ስትል አደረች። ከዛ ቀን ወዲህ እስክወልድ አልስቅም ብላ ማለች። ከሌላው ሰው ጋ ትችለዋለች። የውብዳር ስትቀልድ ትችለዋለች፣ እኔ ሰው ስሳደብ ትችለዋለች። ካንተ ጋ ነው የማትችለው። አንተ ገና ጉሮሮህን ስትጠራርግ ጉልበቷ መቅለጥ ይጀምራል። ለዛ ነው ፊቷን የምታዞረው። ለዛ ነው ተነስታ የምትሄደው። ጉንጯን ከውስጥ ትነክሳለች፣ አንድ ቀን ስትተፋ ደም አይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። እንዲህ ያለ ጥላቻ ከሆነ ለሁሉም ባል ያድለው።

ለምን አልነገርሽውም አልኳት። ካወቀ መቀለድ ይተዋል አለችኝ። ዝም ያለ ባል ምን ያደርግልኛል አለች። ይኸው እሷ ዝም ብላ፣ አንተ ዝም ብለህ፣ መሀል ላይ ልጁን በጭነት መኪና ልታስጭኑት።

ስለዚህ የምልህን ስማ። ልጁ ከእናቱ አይነጠልም። ዘኪያን አትላክ፣ ኢስሀቅን አትላክ፣ እናትህንም እንዳትልክ፣ እሳቸውን መሳደብ ነውር ነው፣ ነውር እንዳታሠራኝ። ራስህ ና። ስትመጣ በር ላይ ቆመህ መለፍለፍ የለም። መጀመሪያ አስቀምጣት። ፍራሹ ላይ ይሁን፣ ጀርባዋን ግድግዳው ደግፎ፣ ግራና ቀኟ ትራስ አድርግ። ከሊፋን ለኔ አቀብለኝ። ከዛ የፈለግከውን አውራ። የጉምሩኩን አውራ፣ የፍየሏን አውራ፣ ትሳቅ፣ ትቅለጥ፣ ፍራሽ ላይ ካለች የምትወድቅበት የለም። ከዛ እጇን ይዘህ ጠብቅ። ለአፍታ ነው፣ ይመለስላታል። ዓይኗ ክፍት ሆኖ ምንም ባትመልስልህ እየሰማችህ ነው፣ እንዳትደነግጥ። እንዲያ ያለ ሰው ያን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጥሎት የማይሄድ ሰው።

ሐኪሟም አንተን ማየት ትፈልጋለች፣ የምጡ ነገር ከባል ጋ መመከር አለበት ብላለች። የውብዳር ትወስድሃለች። እቃ እጭናለሁ እንዳትል።

አሁን እንኳ ከሊፋ ነቅቷል። ክዳኑ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ ፍራሹን እየዞረ ነው። እናቱም በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ እግሩን ትፈልጋለች።

በል እንግዲህ። መንገድህን አላህ ያቅናው። በረሃውን ዝናብ ይቅደምልህ፣ ኬላ ላይ ያለውን ፖሊስ አንተ ስታልፍ እንቅልፍ ይጣለው። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስ፣ እግራቸውን አላህ ይማርላቸው። የሚወለደው ያባቱን ጨዋታ የእናቱን ጽናት ይዞ ይምጣ። በሰላም ከመጣህ አንቱታህ ተመልሶ ይጠብቅሃል።

አንድ ነገር ረስቼ። ቀልዱን ከመጀመርህ በፊት ለኔም ወንበር አቅርብልኝ፣ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ልጁንም ያኔ የውብዳር ትያዘው። በሰርግህ ቀን ቀልድህን ሸሽቼ ስወጣ ከድንኳኑ ኋላ ወንበር አልነበረም፣ የስኳር ጆንያ ላይ ነው የወደቅኩት። ያቺ ፍየል መጨረሻዋ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አማትህ፣
ከናይሮቢ